«ከፈተና በኋላ» ብለህ የጻፍካት መስመር

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፰። የጠዋት ቆጠራ፦ አምፖል አሥራ አራት ወጥቷል፣ ሶኬት ስድስት፣ ባለ ሁለት ተኩል ሽቦ አንድ ጥቅል ተኩል። ማብሪያ ማጥፊያ አንድም አልወጣም። የኔትወርክ ኮኔክተር ሁለት ይጎድላል፤ የሸጥኩት ግን የለም። ማን እንደወሰደው እጽፍልሃለሁ።

ዳኜ፣

ከሄድክ ስምንት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሞላህ። እስከ ዛሬ በዚህ ደብተር ላይ የሱቁን ነገር ብቻ ነው የጻፍኩት። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ አይደለም። ናፍቀኸኛል፤ እሱን ተወው። የምጽፍልህ ስለተናደድኩብህ ነው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «እግዜር ወሰደው፣ ምን ይደረጋል» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር። እሑድ ግን ማስታወሻህን አነበብኩ። እግዜር ብቻውን አልወሰደህም። አንተም አግዘኸዋል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከእኛ በታች ያለው የእሪ በከንቱ ሰፈር ግማሹ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። የእኛ ተርታ እስካሁን ቆሟል፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የራውተር መደርደሪያህ ሳሎን ውስጥ እንደነበረ ነው፣ የእናቴን ቡፌ አስወጥተህ በቦታው ያቆምከው። «ፈተናውን ልለፍና ቡፌው ይመለሳል» ብለኸኝ ነበር። ቡፌው ክረምቱን በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ከረመ፤ አንዱ በሩ አብጦ አልዘጋ ብሏል።

አርባህ እንደወጣ ለመደርደሪያው ገዢ አምጥቼ ነበር። ሜሮን በሩ ላይ ቆመች። «እማዬ፣ እሱን ከሸጥሽ እኔንም ጨምረሽ ሽጪኝ» አለች። ገዢው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጅህ መቼ እንደምትቀልድ መቼ እንደማትቀልድ አውቃለሁ። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበርህን ወረሰች። ያንኑ ያንተን የኔትወርክ ባለሙያ ፈተና ያዘች፤ የጽሑፉን ክፍል ክረምት ላይ አለፈች። የቀራት የተግባሩ ነው፤ አንተ ባሕር ተሻግረህ ሄደህ ወድቀህ የመጣህበት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለህ ሆን ተብሎ የተበላሸ ኔትወርክ ፊትህ ተዘርግቶ ይህን ጠግን ያንን ገንባ የምትባልበት። ቀኗ ተቆርጧል፤ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። እንዳንተ በአራት ቀለም እስክሪብቶ ካርታ ትስላለች። እንዳንተ ምሳ ሲቀርብላት «ሰዓት እየሄደ ነው» ትላለች። መሣሪያዎቹ ሲነሡ ማራገቢያቸው እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ እኔም እንደ ድሮው ጮክ ብዬ ነው የማወራው።

ከፈተናው ጋር ጠብ የለኝም። አንድ ጊዜ ራስ መኮንን ድልድይ ታክሲ እየጠበቅን፣ ይሄ ቀን ሙሉ የምታጠናው ነገር ምንድነው ብዬ ጠየቅኩህ። «ያንን ተራ አስከባሪ አየሽው?» አልከኝ። «አየር ጤና የሚሄደውን ሰው ቤት አያውቅም። ግን የትኛው ታክሲ ወደዚያ እንደሚያቀርበው ያውቃል። ራውተር ማለት እሱ ነው።» እኔም «እሱ ቢዋሽስ? የተዘጋውን መንገድ ክፍት ነው ብሎ ቢጭንስ?» አልኩህ። አፍህን ከፍተህ አየኸኝ፣ ከዚያ ሆድህን ይዘህ ሳቅክ። «ይሄ እኮ ፈተናው ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው! አንቺ ነሽ መፈተን ያለብሽ!» አልክ። ታክሲው አመለጠን። ያን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ነግሬህ አላውቅም።

እንዲህ ብዬ የጠየቅኩህን እኔን ነው የዋሸኸኝ።

ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ስንወጣ ሁልጊዜ ዳገቱ መሐል ትቆም ነበር። ስልክህን ታወጣና «ቆይ፣ ከባንክ መልእክት ገባ» ትላለህ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ንግድ፣ ሳይገዛ ዕቃ የሚያገላብጥን ሰው ገና በር ላይ ሳለ ነው የማውቀው። አንተ ስልክ የምታገላብጠው ትንፋሽህን ለመሰብሰብ እንደነበረ ግን ሳላውቅ ቀረሁ። በራሴም ተናድጃለሁ። ባንተ ይብሳል።

ከቀብርህ በኋላ አስከሬንህን የመረመረው ሐኪም ጠርቶ ነገረኝ። የልብህ ግድግዳ ወፍሮ ነበር። «ይሄ ነገር በዘር ይሄዳል፤ ልጅሽን አስመርምሪ፣ አትዘግዩ» አለኝ። ለሜሮን ነገርኳት። እሺ አለች። አርባው ይውጣ አለች፤ ከዚያ ሰማንያው፤ ከዚያ የጽሑፉ ፈተና። እኔም ሐዘን ነው፣ ሱቅ ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ምን ይነካታል ብዬም ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሱቁ በር ላይ ቆሜ ከታች ስትመጣ አየኋት። ዳገቱ መሐል ቆመች። ስልኳን አወጣች።

አንድ ደንበኛ ዋጋ ጠይቆኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ስትደርስ ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው አልኳት። «ጫማዬ ነው» አለች።

እሑድ ወረቀት ልታባዛ ስድስት ኪሎ ሄዳ ሳለ መደርደሪያውን ስወለውል ማስታወሻ ደብተርህን ተከፍቶ አገኘሁት። አብዛኛው አይገባኝም፤ ቁጥርና ነጥብ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ግን የቀሩህን ነገሮች በአማርኛ ዘርዝረሃል። የአውሮፕላን ትኬት። የሁለተኛው ራውተር ማራገቢያ ይጮሃል፣ ይቀየር። ከዚያ «ደረት፤ ሐኪም፤ ከፈተና በኋላ»። በአረንጓዴ ነው የጻፍከው። ቀዩ ለዛሬ፣ ሰማያዊው ለሳምንቱ፣ አረንጓዴው ለማያስቸኩል ነበር፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ማራገቢያውን በቀይ ጽፈህ ልብህን በአረንጓዴ ትጽፋለህ?

ከሥሩ ሌላ እጅ ጽሑፍ አለ። ያው እስክሪብቶ። «የእኔም ምርመራ፤ ከፈተና በኋላ።»

አስበው እስቲ። መስመርህን አንብባለች። አባቷን ምን እንደገደለው ታውቃለች። አውቃ ከሥርህ ፈረመች።

እሑድን ሙሉ በሆዴ ስሰድብህ ዋልኩ። ከሥራ ቦታ ደውለው ኔትወርክ ጠፋ ሲሉህ «ከታች ጀምሩ!» እያልክ ትጮህባቸው አልነበረም? «መጀመሪያ ገመዱን እዩ! መብራቱ በርቷል ወይ? ሥሩን ሳታዩ ላይ ላዩን አትነካኩ!» እንጀራ ፊትህ ቀርቦ፣ በአፍህ ጎርሰህ ትጮህ ነበር። ለሰው ማሽን እንዲህ ያልክ ሰውዬ የራስህን ሥር አላየህም። ስንፍና እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሐኪሞቹ አንድ ነገር ካገኙብህ ዳግመኛ ልትፈተን አትበርም እንዳይሉህ ፈርተህ ነው። አንድ የፈተና ወንበር እንዳያመልጥህ ብለህ እኛን ባዶ ወንበር አቅፈን እንድንቀር አደረግከን።

ታውቀኛለህ፣ ስናደድ አልጮህም። መያዣ እይዛለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሜሮን አዲስ ልምምድ ልትጀምር መሣሪያዎቹን በሙሉ አጥፍታ ባዶ አድርጋቸው ነበር። ባዶ መሣሪያ ውስጥ በዚያ ሰማያዊ ጠፍጣፋ ገመድ ካልሆነ መግቢያ እንደሌለ ካንተው ነው የሰማሁት። ፊቷን ልትታጠብ ስትነሣ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «የልብ ሐኪሙን ወረቀት አምጪ፣ ገመድሽን ውሰጂ» አልኳት። «እማዬ፣ ይሄ እኮ እገታ ነው!» አለች። «መያዣ ነው» ብያት ወጣሁ።

ሌላ ገመድ ለመግዛት እንደምትወጣ ስለማውቅ ቀደምኳት። ከድልድዩ ጀምሬ እስከ ላይ የኮምፒውተር ዕቃ ለሚሸጡት ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የሱቅ ጎረቤታችን ሐጂ ሸምሱ ቀብርህ ላይ እንደዚያ ያለቀሱ ሰው ናቸው። ምክንያቱን ሲሰሙ «በእኔ ጣይው፣ አልማዝ» አሉ። ትናንት ልጅህ መጣች። ሐጂ ፊት ለፊት አንድ ካርቶን ሙሉ ገመድ ተከፍቶ ተቀምጧል። «ልጄ፣ ሰማያዊ ገመድ ከአገር ጠፋ። ምንዛሬው ነው» አሏት። ቀጥሎ ያለው ባለሱቅ ደግሞ «የምድጃ ገመድ ግን አለ፣ ልስጥሽ?» አላት። እኔ ሱቅ ስትደርስ ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ፒያሳን በሙሉ አሳደምሽብኝ» አለች፣ ዕቃዎቹ መሐል ትንሽ ተንጎራደደችና ወጣች። ሐጂ ከኋላዋ እያዩ «የዳኜ ልጅ ናት፤ ዛሬ ብናሸንፋት ነገ ትበልጠናለች» አሉኝ።

ነገ እስኪሆን እንኳ አልቆየችም። ዛሬ ጠዋት ስነሣ ሳሎኑ ያጓራል። ከመሣሪያው ወደ ኮምፒውተሯ አንድ ግራጫ ገመድ ተወጥሯል። ሁለቱን ኮኔክተር ትናንት ከእኔ መደርደሪያ ወስዳለች፣ ሽቦውን ከቁርጥራጭ ሣጥን፣ መቆንጠጫ ፒንሳውን ካንተ መሳቢያ። ስምንቱን ሽቦ በግልባጭ ደርድራ ራሷ ሠራችው። እኔ ደግሞ፣ ገመድ ነጋዴዋ፣ ገመዱን ወስጄ ከኮምፒውተሩ የምታገናኘዋን ትንሽ ጭራ እዚያው ተሰክታ ትቻታለሁ! አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ በረንዳ ላይ አስቀምጠህ ስታስተምራት ትዝ አለኝ። ቀለሞቹን እየተቀባበላችሁ ትቆጥሩ ነበር፣ እሷ ከአንድ፣ አንተ ከስምንት፣ መሐል ላይ ስትገናኙ እጅ ትማቱ ነበር። በር ተደግፌ አይቻችሁ ሥራዬን ትቼ ነበር። ዛሬ ያንን ሳስታውስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይሄንን ያህል ካስተማርካት ሐኪም ቤት መሄድን ማስተማር ምን ነበረበት አልኩ።

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሱቅ ከፍቼ ቆጠርኩ፣ ከላይ የጻፍኩትን። ቆጥሬ ስጨርስ ሐጂን ሱቁን አደራ ብዬ ተመለስኩ። ማስታወሻህን ከፍቼ የምትጽፍበት ኪቦርድ ላይ አስቀመጥኩላት።

«አንብቢልኝ» አልኳት።

ያንተን መስመር አነበበች።

«የታችኛውንም።»

አላነበበችም። ማራገቢያው ይጮሃል። «በሽታ ካገኙብኝስ?» አለች። «አትሄጂም ቢሉኝስ? አባዬ ሳያልፍ ቀረ። እኔም ከቀረሁ ይሄ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?»

ያኔ ነው ያመለጠኝ። «አባትሽም ይሄንኑ ፈርቶ ነው የሞተው» አልኳት። «ፈተና የወደቀ ሰው ተመልሶ ይፈተናል። አንድ ፈሪ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብርም።» ፈሪ ስልህ ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። አልመለስኩትም ግን፣ አሁንም አልመልሰውም።

አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ዋጋ ተናገረች፤ የእኔም ልጅ ናታ። «ነገ እሄዳለሁ። ግን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሙሉ ፈታኝ ሆነሽ እዚህ ትቀመጫለሽ። ሱቅ የለም፣ ስልክ የለም፣ ብይ ጠጪ የለም።» ሐኪሙ ከፈቀደ አልኳት። «ከፈቀደ» አለች። ካልፈቀደ የፈተናው ቀን መገፋት እንደሚችል ጠይቄ አረጋግጬ ነበር፤ ያንንም ነገርኳት። እጅ ተማታን። ከዚያ ራሷ ሄዳ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ሳሎኑ ጸጥ ሲል የሁለታችን ትንፋሽ ይሰማ ነበር። የእሷን እየቆጠርኩ እንደነበር አላወቀችም።

ነገ ምን እንደሚሉን እፈራለሁ፣ ዳኜ። ይህን ላንተ ካልሆነ ለማንም አልናገርም። አንተ ብትኖር ከጎኔ ተቀምጠህ የማልረዳውን የሐኪም ወሬ በታክሲና በተራ አስከባሪ ታስረዳኝ ነበር። የለህም። ለዚህም ተናድጃለሁ።

አልረሳህም። ሰው የተናደደበትን አይረሳም፤ ቁጣው ሲበርድ ደግሞ ከሥሩ ምን እንደሚቀር ስለማውቅ አልቸኩልም። የልጅ ልጅ ካየሁ ጎበዝ እንደነበርክም ግትር እንደነበርክም እነግረዋለሁ፤ አንዱን ደብቄ ሌላውን አልነግርም። ሙት ዓመትህን በወጉ አወጣለሁ። ያኔ ሜሮን አጠገቤ ቆማ፣ ጤነኛ ሆና፣ ስምህን ትጥራው። ከዚህ የበለጠ ማስታወስ አላውቅም።

ነገ ዓርብ፦ ከሜሮን ጋር የልብ ክሊኒክ። ካርድ ለማውጣት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መድረስ። የዳኜን የሕክምና ወረቀት መያዝ፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል። ሱቅ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል።