የገባ ሁሉ ጠላ

የካቲት 16

ቅበላ። ሦስት ሱሪ አሳጠርሁ፣ አንድ ኮት ገለበጥሁ፣ የስፌት መኪናዬን ሸፈንሁ። ነገ ሁዳዴ ይገባል። ጎረቤቴ ደጀኔ ዘንድ ቁርጥ በላን... በላን ይባላል? ሚስቴ ህይወት አየችኝና፣ “ለሃምሳ አምስት ቀን ነው ወይስ ለሃምሳ አምስት ዓመት የምትሰንቀው?” አለች። ሚስት ናት፣ ምን ይደረግ።

አንዱ፣ “እማዋይሽ ቤትስ ምን አለ?” ብሎ ጠየቀ። ከሱቄ ማዶ ያለችውን ጠላ ሻጭ ማለቱ ነው። አፌ ቀደመኝ፦ “እዚያ የገባ ሁሉ ጠላ!”

ሰሙ መጠጡ፣ ወርቁ ጥላቻው። ደጀኔ በሳቅ ትን አለው። እኔም ለራሴ አጨበጨብሁ። ቅኔ ቤት ባልገባም ጎጃሜ ነኝ መቼስ!

የካቲት 21

ባጃጅ ነጂዎቹ በእማዋይሽ ደጅ ሲያልፉ “የገባ ሁሉ...” ይላሉ፤ ተሳፋሪው “ጠላ!” ብሎ ይጨርሳል። ፍኖተ ሰላም በሙሉ እየተቀባበለኝ ነው። ኃጢአት ነው? ትንሽ።

የካቲት 28

የእማዋይሽ ቤት ጭር ብሏል። ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ሲገባ አየሁ። እሱም መንገድ ሊጠይቅ።

መጋቢት 3

ህይወት፣ ለትንሣኤ አብረን እንቁረብ እያለች ሁለት ዓመት ለመነችኝ። እሺ አልሁ። ስለዚህ ንስሐ... ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ገብረሰንበት ሄድሁ። ቁርጡን፣ ስካሩን፣ የደንበኛ ጨርቅ ማስቀረቴን ሁሉ በእርጋታ ሰሙ። ጠላው ላይ ስደርስ መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሳቁ እንዴ? ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ እኮ!

ከዚያ ኮስተር ብለው፣ “ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት። ሰው ባለበት። ያለ ሰምና ወርቅ። እስከዚያ ቁርባን የለም።”

“አባ፣ ሦስት መቶ ስግደት ይስጡኝ።”

“ጉልበትህ ምን በደለ? ያጠፋው ምላስህ!”

“አምስት መቶ...”

“አንተ ገነነ፣ ገበያ መሰለህ?”

መጋቢት 6

ቡሬ ሄድሁ። ክር ልገዛ። ለማን ነው የምዋሸው? ማስታወሻው የራሴ! ቀለል ያለ ቀኖና የሚሰጥ ቄስ ፍለጋ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ ደግ የሚመስሉ ሽማግሌ ቄስ አገኘሁ። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን ስጀምር ዓይናቸው በራ።

“የገባ ሁሉ ጠላ! አንተ ነህ እንዴ? ባለፈው ሰንበቴ ላይ ሰምተን...”

ቡሬ ድረስ! ደረቴ ሊነፋ ሲል፣ “ሴትዮዋስ እንዴት ሆነች?” አሉኝ። ቤቷ ጭር ማለቱንም፣ አባ ገብረሰንበት ያዘዙኝንም ነገርኋቸው።

“የነፍስ አባት እንደ ሸሚዝ እየለኩ አይመረጥም፣ ልጄ። ወደ አባትህ ተመለስ።”

ክሩንም ሳልገዛ ተመለስሁ።

መጋቢት 8

ሞከርሁ። በሯ ላይ ቆሜ፣ “እማዋይሽ፣ እኔ እኮ ጠላሽን አልጠላሁም” አልኋት። ኧረ ምላሴ! አላፊ አግዳሚው በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። “ጨረስህ?” አለችና በሩን ዘጋችው። ህይወት ወሬውን ሰምታ እራቴን ብቻዬን አስበላችኝ።

መጋቢት 12

ምን ነው እንዲህ የከበደኝ? እውነቱን አውቀዋለሁ... የእማዋይሽን ጠላ ቀምሼው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ! ቃሉ ስለጣመኝ ብቻ ተናገርሁት። ይህን ሰው ፊት ማውጣት... ሺህ ስግደት ይሻላል።

መጋቢት 13

የገበያ ቀን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደጀኔንና ሦስት ባጃጅ ነጂዎችን ይዤ ገባሁ። ዛሬ ደግሞ ምን ሊል ነው ብለው ጆሯቸውን አቁመዋል። እማዋይሽ ከማድጋዋ አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

“እማዋይሽ፣ ዋሽቻለሁ። ጠላሽን ቀምሼው አላውቅም። ሰው አሥቃለሁ ብዬ እንጀራሽን ዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ።”

ማንም አልሳቀም። ደጀኔ ወርቁን ሲፈልግ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

እማዋይሽ በጣሳ ቀዳችልኝ። “እንግዲያስ ቅመስ።”

ቀመስሁ። ኮምጣጤ! ዓይኔ እንባ አቀረረ።

“ለቅበላ የጠነሰስሁት ነው” አለች። “ጠጪ ጠፍቶ ኮመጠጠ። ትናንት ልደፋው ነበር፣ እጄ እንቢ አለኝ።”

ስንት ቀልድ መጣብኝ! ከጠላው ጋር ዋጥሁት። አፈርሁ... እውነት አፈርሁ። ጣሳውን ጨልጬ፣ ድገሚኝ አልኋት። ባጃጅ ነጂዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ቅጅልን አሏት።

ሦስተኛውን ስትቀዳ፣ “ይቅር ለእግዚአብሔር” አለች። “ነገ አዲስ እጠነስሳለሁ። ጌሾውን የምትወቅጠው አንተ ነህ። ደጅ ላይ፣ ሰው እያየህ።”

“እሺ።”

ቤት ገብቼ ለህይወት ሁሉንም ነገርኋት። ልቤ እንዴት ቀሎኛል!

“ጌሾ ትወቅጣለህ ስትልህ ምን ብለህ መለስህላት?”

“እሺ።”

“ሌላስ?”

“ምንም።”

ከዚያ ተነሥታ፣ ትኩሳት ይኖረው እንደሁ ብላ፣ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።