ከጽጌ ኬክ ቤት የወረደው ኒዮን

ጉለሌ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር እንደምን ከርማችኋል? ጉልበትሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ? የሸጎሌው አዲሱ ቤታችሁስ ውኃ ገባለት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጠዋት ቁስቋምን ተሳልሜ ተመልሼ፣ ቁርሴን በልቼ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ስልክ ያልደወልኩት እንደምጮኽብሽ ስለማውቅ ነው። እኔ ስጮኽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔ እሸነፋለሁ፣ በቃ ነገሩ እንደለመድነው ሳይነገር ይቀራል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ። የእኔ ጉድ ግን ከጠባ በኋላ ነው የመጣው። ባለፈው ማክሰኞ አዲሱ ገበያ ወርጄ ነበር፣ ወይዘሮ ጽጌ ኬክ ቤት። ታፔላቸው አባታችን በሞተ ዓመት እኔና አንቺ ብቻችንን የሠራነው የመጀመሪያው የኒዮን መብራት ነው። እኔ መስታወቱን እሳት ላይ ሳጥፍ፣ አንቺ ብርሃኑ እንዲታይ የማንፈልገውን የቱቦውን ክፍል ጥቁር ቀለም ስትቀቢ፣ እስከ ክንድሽ ስለጠቆርሽ እናታችን ሁለታችንንም ተቆጣችን። ያ ታፔላ ሃያ ሁለት ዓመት ቀይ ሆኖ በራ። በነሐሴው በረዶ «ጌ» የምትለዋ ፊደል ስትሰበር፣ አዲስ አጥፌ እተካለሁ ብዬ ለሴትዮዋ ቃል ገባሁ። ማክሰኞ የሄድኩት ቦታዋን እንደገና ልለካ ነበር።

ደርሼ ቀና ስል ቀይ የለም። የእኛው ወርዶ በቦታው ኤልኢዲ ተሰቅሏል፤ ነጭ፣ ብልጭ ድርግም የሚል። መዝገቡ የሚባለውን ጥበቃ፣ ይህን ማን ሰቀለው ብዬ ጠየቅኩት። እህትህ ናታ፣ እሑድ ከሠራተኞቿ ጋር መጥታ፣ አልነገረችህም እንዴ አለኝ። ነግራኛለች ብዬ ዋሸሁ።

ኤልኢዲ በመሸጥሽ የተቀየምኩ አታስመስዪ። ሱቅሽን ስትከፍቺ መሰላሉን የተሸከምኩልሽ እኔ ነኝ። ሐቁን እናውራ ከተባለ ያንቺው መብራት በብዙ ነገር ይበልጠኛል። በረዶ አይሰብረውም። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራል፤ የእኔ ትራንስፎርመር ግን ኃይል ሲዋዥቅ ሲያጉረመርም ይውላል። እኔ ሳምንት የምለፋበትን ያንቺ ማሽን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ግን የእኔው ሲበላሽ ይጠገናል፤ ጋዙ ተሞልቶ ሌላ አሥር ዓመት ይበራል። ያንቺው ሁለት ዓመት ቆይቶ እዚህም እዚያም እየጠፋ ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ ይመስላል፣ ከዚያ ይጣላል። ደግሞ ኒዮን ዓይን አይወጋም። ጉም በወረደ ጠዋት ከቁስቋም ቁልቁል ስመጣ መንገዱን የማውቀው በዚያ ቀይ ነበር። ይህንን ስንት ጊዜ እየሳቅን ተከራክረናል! አንቺ ሙዚየም ትይኛለሽ፣ እኔ የገና ዛፍ ነጋዴ እልሻለሁ። በዚህ ማንም አይቀየምም።

የተቀየምኩት ወደ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ወይዘሮ ጽጌ ሲያዩኝ ደነገጡ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይና ቦንቦሊኖ አስመጡልኝ፣ ስለ በረዶው አወሩ፣ ስለ መንገድ ሥራው አወሩ። እኔ ግን ስለ ታፔላው ካልነገሩኝ አልሄድም አልኩ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ አትቀየመኝ። እህትህ ናት የነገረችኝ። ‹ዓይኑ እየጠፋ ነው፤ ሥራ የሚሰጠው ሰው ሁሉ እሳት ውስጥ እየገፋው ነው› ብላኝ አለቀሰች» አሉኝ።

ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ቦንቦሊኖውን ሳህኑ ላይ ትቼ ተነሳሁ።

የዓይኔን ነገር ከሐኪሙ በቀር የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ግንቦት ላይ ሐኪም ቤት የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ቶሎ ይገፈፍ ሲል እኔ ፈርቼ ከክረምት በኋላ አልኩ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለማንም እንዳትነግሪ ለመንኩሽ። በዚህ ሰፈር ኒዮን የሚያጥፍ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኑ ደከመ ከተባልኩ ማን ሥራ ይሰጠኛል? አንቺም እጄን ይዘሽ፣ ትንፍሽ ብል የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብለሽ ማልሽ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እንደናቅሽኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወጥቼ ከመዝገቡ መሰላል ተዋስኩ። አቧራ የምጠርግ መስዬ ፊደሎችሽን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኳቸው። የ«ጽ» እግር ላይ ትንሽ ዙር አገኘሁ። መስታወት በአንዴ ስለማይታጠፍ እኔ የማደርጋት ዙር ናት፤ የእኔ ናት፣ ሌላ ሰው አይሠራትም። ያንቺ የመብራት ገመድ በመቀስ ተቆርጦ ስለሚቀጠል አያስፈልገውም። ለማስታወሻ ብለሽ የወሰድሽውን የድሮውን ታፔላ ንድፌን ነው እንግዲህ ማሽን ውስጥ የከተትሽው። ዙሯን ለምን ሳትቆርጪ እንደተውሻት ግን እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ከማክሰኞ በፊት «ጌ»ን አጥፌያት ነበር። ሦስት ጊዜ። መቼም ታውቂያለሽ፣ መስታወቱን የምናጥፈው በጀርባው በኩል ስለሆነ ንድፉን ገልብጠን ነው የምንዘረጋው። እኔ ሦስቱንም ጊዜ የገለበጥኩ መስሎኝ በቀጥታው ዘርግቼው ኖሮ፣ ሦስቱም ፊደሎች ወደ ኋላ ዞረው ወጡ። አባታችን በዚህ ስህተት ተለማማጅ ያባርር ነበር። ሦስተኛዋን ስሠራ ደግሞ የእሳቱን ጫፍ አላየሁትም፤ በአውራ ጣቴ ነው ያገኘሁት። ቁስሉ አሁን ደርቋል፣ አታስቢ። ይህን ወይዘሮ ጽጌ አያውቁም፣ አንቺም አታውቂም። ሳታውቂ የተናገርሽው እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ቢሆንም ከድተሽኛል። እኔ ዘንድ መጥተሽ፣ ወንድሜ በቃህ ብትዪኝ እሰማሽ ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ነው፣ አልሰማሽም ነበር። እንኳን ልሰማሽ ከቤት አስወጣሽ ነበር። ግን ከኬክ ቤት ባለቤት በፊት መስማት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ቁስቋም የጸለይኩት ለዓይኔ አይደለም፤ የማልሽበት አጥንት እንዳይወጋሽ ነው። ስጸልይም ተናድጄ ነበር።

እመቤቴ ቤትሽን ትጠብቅልሽ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፤ እጅሽን ከኤሌክትሪክ፣ እግርሽን ከመሰላል ትሰውርልሽ።

ይህን የምጽፈው መስመር እንዳልስት የመስታወት ቱቦ ወረቀቱ ላይ አጋድሜ፣ ጠርዙን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ሁለት ጊዜ ተንሸራቶብኛል፤ አንዱ መስመር ሌላው ላይ ሳይወጣ አልቀረም። ማንበብ ያቃተሽ ቦታ ካለ ለባልሽም ለልጆችሽም አሳይተሽ አታስነብቢ። ራስሽ መጥተሽ ጠይቂኝ፤ ቤት ነኝ።

ወንድምሽ