ዮርግ የተከለከለው ማዕድ

መጋቢት 3
ወይኑን ስገርዝ ዋልኩ። ወገቤ... ተወው። የሐይቁ ነፋስ አሁንም ይቆርጣል። ልጄ ዮርግ ዙሪክ ግንብ ውስጥ ከታሰረ ወር አለፈው። ወንጀሉ? ሕፃን ሳለ የተጠመቀውን ትቶ፣ ካደገ በኋላ አምኖ መጠመቁ። አሳሪዎቹስ እነማን ናቸው? ትናንት ከእኛ ጋር የሮማውን ጳጳስ የቅዱሳን ሥዕሎች ከቤተ ክርስቲያን አውጥተው ያቃጠሉ ጌቶች! "መጽሐፉን ራሳችሁ አንብቡ" አሉን። ፊደል በአርባ ዓመቴ ብቻዬን ለየሁ። አነበብኩ። ሕፃን ይጠመቅ የሚል አላገኘሁበትም። አሁን ማንበቤ ጥፋት ሆነ።

መጋቢት 6
ዮርግ መጣ። ከስቶ... እናቱ ቬሬና አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ግን ጠየቅሁ።
"እንዴት ለቀቁህ?"
"ማልሁ፣ አባባ።"
"ምን ብለህ?"
"ወደ ጉባኤያችን ላልሄድ። ልጄንም ላስጠምቅ።"
ጌታ ከቶ አትማሉ ብሏል። ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው አለ?
"ሐይቁ ውስጥ ሊያሰጥሙኝ ነበር። ልጄ ገና ጡት አልጣለችም..."
"እና?" አልኩት።

መጋቢት 7
ጉባኤያችን ከማለ ሰው ጋር አይበላም፤ መሐላውን እስኪተው ድረስ። በሰው ልጅ ላይ ስፈርድ ኖሬ የራሴን ልጅ ልለፈው? የዮርግን ሳህን ወደ ወይን መጭመቂያው ቤት ላክሁ። ቬሬና የራሷንም አንሥታ ተከተለችው።
"አንተ ከሕግህ ጋር ብላ!"
ብቻዬን በላሁ። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ቢሆንስ?

መጋቢት 11
የምክር ቤቱ ሎሌ መጣ። ነገ ዙሪክ ቀርቤ እኔም እንደ ዮርግ እንድምል አዘዘኝ።
"ሽማግሌው፣ መሐላ ማለት ሦስት ጣት ማንሣት እኮ ነው። ከወይን መቀስህ አይከብድም" ብሎ ሳቀ።
"አንተን ምን ይከብድሃል? ውስጥህ ባዶ ነው" አልኩት።
ዮርግ ሰምቶ ወጣ። "በጀልባ ላድርስህ፣ አባባ።"

መጋቢት 12
በእግሬ ሄድኩ። ዮርግ ራቅ ብሎ ከኋላ ተከተለኝ። ተመለስ አላልኩትም።
ጣትህን አንሣ አሉኝ። እጄን ብብቴ ሥር ከተትሁ።
"ውሃ አያስፈራህም?" አለኝ አንዱ ባለ ካባ።
"ጳጳሱ እሳት ነበረው፤ እናንተ ውሃ አገኛችሁ። ሌላ ምን ለወጣችሁ?"
ተንጫጩ። ያኔ ከበሩ በኩል ድምፅ... "እኔም የማልሁትን ትቻለሁ!" ዮርግ ነው።
እኔን "ይሄ የጃጀ ነው" ብለው አስወጡኝ። እሱን አስቀሩት። ሐሙስ ይፈርዱበታል። የጃጀ! ሰዳቢያቸው እኔ፣ ሟቹ እሱ?

መጋቢት 13
ቬሬና ምሳ አቀረበች። አንድ ሳህን።
"ደስ ይበልህ፣ አንተ ሰውዬ። ልጅህ ንጹሕ ሆኗል። በል እንግዲህ፣ ሂድና አብረኸው ብላ።"
ማንኪያዬን አነሣሁ።
ልክ ነበርኩ። አሁንም ልክ ነኝ። ታዲያ እህል ለምን አልወርድልህ አለኝ?
ነገ ዳቦ ይዤ ወደ ግንቡ እሄዳለሁ። ካስገቡኝ አብረን እንበላለን። ካላስገቡኝ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስሙን እየጠራሁ እበላለሁ። ጌቶቹ ይስሙ። እሱም ይስማኝ።