በሚስማር ጣሳ ውስጥ ያገኘሁት ክኒን

ልጄ፣ መንገድሽ ይቅናልሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ማጉረምረሙን ባይተውም እየሄድኩበት ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መንታ ተገላገለች። የምጽፍልሽ ግን አባትሽ አንጀቴን ስላሳረረው ነው።

ሐኪሙ እኔው ፊት ነው የነገረው፦ «የፕሮስቴት ካንሰሩን ክኒኑ ያዳክመዋል፣ ጨረሩ ይመታዋል። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም።» እሱም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ትናንት ፎቶሽን ልሰቅል ብዬ የሚስማር ጣሳውን ብከፍት የሦስት ሳምንት ክኒን ተደብቆ አገኘሁ! ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስሙ ራሱ ጨረር አይደል? ይጨርሰዋል። ክኒን ለምኔ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ውሸቱን ነው። ክኒኑ ሥራ ቦታ ደንበኞቹ ፊት ላብ በላብ ስለሚያደርገው አፍሮ ነው። እኔ ስናገር ንዝንዝ ይለዋል፤ አንቺን ግን ይሰማል።

እባክሽ ደውይለት። በሽታውን እንዳታነሺ። «አባዬ፣ ወንበር ልሠራ ነው፣ ኮላ ብቻ ይበቃል?» በይው። አርባ ዓመት አናጢ ሆኖ «ኮላ ያለ ሚስማር ውሸት ነው» እያለ ስንቱን ያስለቀሰ ሰው፣ ላንቺም ያንኑ ይልሻል። ያኔ «ታዲያ ያንተን ሚስማር ለምን ጣሳ ውስጥ ተውከው?» በይው።

ክፉ አይንካሽ፣ ዕድሜሽ ይርዘምልኝ። ስትደውዪ እኔ ክኒኑንና ውኃውን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ።

እናትሽ