ስድስቱ ያልተቆጠሩ ቅዳሜዎች

አባዬ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሞላ። እስካሁንም ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ሲጢጥ ሲል አንተ የወጣህ ይመስለኛል። ብትኖር "እንዴት ነሽ ሂሩትዬ?" ትለኝ ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ "ደህና ነኝ" ብዬ እገላገልህ ነበር። ዛሬ ግን ደህና ነኝ አልልህም። የልብ ምርመራ አድርጌያለሁ፤ ውጤቱ ሐሙስ ነው፣ ዛሬ ገና ማክሰኞ። ፈርቻለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ነገር ከጠዋት ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ይመላለሳል። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ የተቀየምኩህ ነገርም አለ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ሰፈራችንን አፍንጮ በርን ብታየው አታውቀውም። ከእኛ ማዶ ያለው ረድፍ ሁሉ ፈርሷል። እትዬ በለጥሻቸው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ሊፍቱን አላምነውም ብለው አራት ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ አሉ። ግቢያቸው ውስጥ የነበረው ወይራም የለም። በምትኩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ ለመራመድ ደስ ይላል፣ ወይራው ሥር ወፍ የምትቆጥርበትን አንደኛ ማቆሚያህን ግን ከበራችን ጀምሬ እርምጃ እየቆጠርኩ ነው የማገኘው። እማዬ ደህና ናት፤ ማለቴ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ከእኔ ጋር ትጣላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እኔ ወጥቼ እስክመለስ ከበሩ አትነቃነቅም። አንድ ሰው ልራመድ ብሎ ወጥቶ ቀርቶባታል፣ ምን ታድርግ።

ስኳር አለብህ የተባልክ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ሐኪም ተራመድ ሲልህ "እግሬ ዝም ብሎ አይሄድም፣ ሥራ ስጡት" አልክ። ዕድሜህን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርክ ሰው፣ ሥራውን ራስህ ፈለግህለት። ከቤት ተነስተህ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ወርደህ፣ በፒያሳ አድርገህ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ። አምስት ማቆሚያ፣ በእያንዳንዱ አስር ደቂቃ ቆመህ ያየኸውን ወፍ በሙሉ በደብተር። የሰፈሩ አራዶች "ጋሽ ወፌ" እያሉ ሙድ ሲይዙብህ "እናንተን ከቁራዎቹ ጋር ደምሬያችኋለሁ" ትላቸው ነበር።

ስትመለስ ላብህ ሳይደርቅ ወንበር ስበህ አጠገቤ ትቀመጣለህ። አንተ ከደብተር ታነባለህ፣ እኔ በስልኬ ወደ በጎ ፈቃደኛ ወፍ ቆጣሪዎቹ መዝገብ አስገባለሁ። ርግብ አርባ፣ ጭላት ሦስት፣ ድንቢጥ ሃያ። ያጣኸው ወፍ ላይ ስንደርስ ልዘለው ስል ጣቴን ትይዘኛለህ፤ "ዜሮ በይ፣ ዜሮም ቁጥር ነው። ያላየነውን አላየንም ማለት ነው ሥራው።" እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ጣቴን እንጂ ልቤን አልሰጠሁህም ነበር። ግማሽ ሐሳቤ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮዬ ነበር የሚውለው።

ያቺ የግንቦት ቅዳሜ አራቱን ማቆሚያ ጨርሰህ አምስተኛው ላይ፣ ድልድዩ ጋ፣ የብረቱን አጥር ይዘህ ቁጭ አልክ። ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ውሃ ይዛ እስክትመጣ አልጠበቅካትም። ደብተርህንና የሩቅ ማያ መነጽርህን ያመጣችልንም እሷ ናት። የአምስተኛው መስመር ባዶ ነበር። ደብተሩን አንዴ አየሁትና ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ መክፈት አቃተኝ።

አሁን ጥፋቴን ስማ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ቱታ ለብሶ ወፍ ልቆጥር ነው ብሎ አይወጣም። ብወጣ ሰፈሩ የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ስፖርት ጀመረች ይል ነበር፤ ደግሞም ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ የት ይኬዳል? በሌላ በኩል ግን፣ ስንት ዓመት አንድ ቅዳሜ ያላስተጓጎልከው መዝገብ አንተ በሞትክ ሳምንት ሲቋረጥ ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ የቀደመውን ዓመት ደብተር አወጣሁ። ጓዳ ገብቼ የዚያን ዓመት ቁጥር ገልብጬ በዚያው ሳምንት እንደታየ አድርጌ አስገባሁ። አርባህ እስኪወጣ ስድስት ቅዳሜ እንዲህ አደረግሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጭራሽ የጎበዝኩ መስሎኝ ነበር።

አርባህ ካለፈ በኋላ ተመረመርኩ። ስኳሬ ድንበር ላይ ነው፣ ግፊቴም ከፍ ብሏል አሉኝ፤ በየቀኑ ተራመጂ፣ ክብደት ቀንሺ። አንተንም እንዲሁ ነበር የጀመረህ። እማዬ ደግሞ "መራመዱ ነው የገደለው" ትላለች። የሐኪሙን ልስማ የእናቴን? ከመስከረም ጀምሮ መነጽርህን አንገቴ ላይ አድርጌ መንገድህን ያዝኩት። ስልኬ እርምጃ ይቆጥራል፣ እኔ ወፍ እቆጥራለሁ፣ ሁለታችንም ስንፎካከር ወፎቹ ተረሱ። አስር ደቂቃ መቆም ጊዜ ማባከን ስለመሰለኝ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴም እየተራመድኩ ቀና ብዬ ያየሁትን ብቻ እጽፍ ነበር። ፒያሳ ስደርስ እመለሳለሁ። ድልድዩን ማየት አልቻልኩም።

ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው ዳገት ላይ ደረቴን ያዝ ያደርገኝ ጀመር። ይለቀኛል፤ እቀጥላለሁ። የቀኑ እርምጃ ሲሞላ ስልኬ እሰይ እሰይ ይለኛል። ለእማዬ ምንም አልነገርኳት፣ ለሐኪሙም "በጣም ደህና ነኝ" አልኳቸው። እንዲያው መናገሩ ራሱ በሽታውን የሚያመጣው ይመስለኝ ነበር።

ጥር ላይ ዮናስ ደወለ። የወፍ ቆጣሪዎቹን መዝገብ የሚመረምረው፣ ስድስት ኪሎ የሚያስተምረው ወጣት ነው። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። ያቺ አንተ "እንግዳዋ" የምትላት፣ ደረቷ ቢጫ፣ ጭራዋ አርፎ የማያውቅ ወፍ፣ በመስከረም መጨረሻ ከሰሜን መጥታ ሚያዝያ ላይ የምትመለሰው፣ በእኛ መዝገብ ሰኔና ሐምሌ ላይ በየሳምንቱ ታይታለች! በርግጥ አይተሻታል ወይ ሲለኝ አፌ ቀደመኝና አዎ አልኩት። እንግዲያው ትልቅ ነገር ነው፣ ይጻፋል፣ በአባትሽም ስም ይጠራል አለኝ። ስልኩን ዘግቼ የገለበጥኩበትን ደብተር አወጣሁ።

ጉዱን ያገኘሁት ያኔ ነው። አንተ ቀኑንም ወሩንም በቁጥር ብቻ ነበር የምትጽፈው። እኔ ቀኑን ሙሉ በፈረንጅ ቀን ቲኬት ስቆርጥ የምውል ሰው፣ ሰኔን እንደ ፈረንጁ ስድስተኛ ወር ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት ያንተ ስድስት የካቲት ነው፤ ሰባትህም መጋቢት። የበጋ ወፍ አንስቼ ክረምት ላይ ጥዬዋለሁ! አይ ሂሩት፣ መዋሸትም እኮ ችሎታ ይጠይቃል።

አምና እንግዳዋ መቼ እንደሄደች ላረጋግጥ ብዬ፣ ያንን ቁም ሳጥን ውስጥ የከተትኩትን የመጨረሻ ደብተርህን ከፈትኩ። ሚያዝያ ላይ "እንግዳዋ 0። ሄዳለች።" ይላል። ከጎኑ፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፣ በጣም በትንሹ፤ "ዳገቱ ላይ ደረቴን ያዘኝ። ስድስት ደቂቃ ተቀመጥኩ።" በሚቀጥለው ቅዳሜ፤ "ደገመኝ። ግራ እጄም ደነዘዘ።" ግንቦት ላይ፤ "አራተኛው ጋ ደረቴ። ለሂሩት አልነገርኳትም፣ ትደነግጣለች።"

አባዬ፣ በዚያች ሰዓት አጠገቤ ብትሆን ኖሮ እጮህብህ ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጠህ ርግቦቹን አንድ በአንድ ስታነብልኝ፣ ጠርዙን እየዘለልክ ነበር! ለአንዲት ድንቢጥ ያልዋሸህ ሰው እኔን ዋሸኸኝ። ብደነግጥስ? ደንግጬ ሐኪም ቤት እወስድህ ነበር። ድንጋጤ ይገድላል እንዴ? መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩም፤ ይቅር በለኝ። እንባዬ ሲያልቅ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። አንተ ለወፎቹ እውነት ተናግረህ ለእኛ ዋሸህ፤ እኔ ለሁሉም ዋሸሁ። ደረቴን የያዘኝም እዚያው ያንተ ዳገት ላይ ነው።

ለዮናስ በማግስቱ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። የስድስቱን ቅዳሜዎች ቀን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ "ጋሼን ስለማከብር ነው እንጂ ሙሉ መዝገቡ ሊጣል ይችል ነበር፤ አሁን ስለተናገርሽ ስድስቱ ብቻ ይወጣሉ" አለኝ። ተጸጽቼ እንጂ ጎበዝ ሆኜ እንዳልሆነ ብነግረውም አመሰገነኝ። ስድስቱ ቅዳሜዎች ላይ በራሴ እጅ "አልተቆጠረም፤ ሐዘን ላይ ነበርን" ብዬ ጻፍኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትል አልነበር? ጠራልህ።

ሐኪሙ ጋም ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ተቆጡኝ። የልብ ምርመራውን ያዘዙት ያኔ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ እርምጃ መቁጠር የለም፣ ሩጫ የለም፤ ሜዳ ሜዳውን በዝግታ፣ እየቆምሽ፣ አስር አስር ደቂቃ እያረፍሽ አሉኝ። ሳቄ መጣ። አንተ ለወፎቹ ብለህ የምትቆመውን አስር ደቂቃ እኔ በሐኪም ትእዛዝ አገኘሁት።

ያለፈው ቅዳሜ፣ የወፏንም የሐኪሙንም ነገር ከነገርኳት በኋላ፣ እማዬ አብሬሽ ካልሄድኩ አትወጪም ብላ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሸራ ጫማዋን አጥልቃ ወጣን። ዳገቱን በታክሲ አለፍነው። እማዬ ርግብ ስትቆጥር ብታያት! አንዷን ሁለቴ ቆጠርሻት ስላት ዞራ መጥታ እንደሆነስ ብላ ትከራከረኛለች። ስድስት ኪሎ ሣሩ ላይ እንግዳዋ ነበረች፣ አባዬ፤ አንድ ብቻ፣ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል እየመታች። የካቲት ነውና በትክክለኛው ወሯ አየኋት። እማዬ መነጽሩን ተቀብላ ብዙ አየቻትና "ይቺ ናት እንዴ ያዋረደችሽ?" አለችኝ።

ፒያሳ ስንደርስ ልመለስ ፈልጌ ነበር። እማዬ ክንዴን ይዛ መራችኝ። ቆሎ ሻጯ መነጽሩን አይታ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ድልድዩ ላይ አስር ደቂቃ ቆምን። ጭላት ሁለት፣ ርግብ አስራ ሰባት፣ ቁራ አንድ፣ ዋኖስ ዜሮ። የአንተን የመጨረሻ ቀን አምስተኛ መስመር ግን አልሞላሁትም፣ ማንም አይሞላውም። ያንን ባዶ ቦታ እያየሁ ነው የማስታውስህ፣ ቅዳሜ ሁሉ፣ እግሬ እስከቻለ ድረስ። ሐሙስ የሚሉኝን ቢሉኝም፣ እንግዳዋ ሚያዝያ ላይ ስትሄድ ዜሮዋን እኔ ነኝ የምጽፍላት።

የቅዳሜውን ገጽ ልዝጋልህ። ጠርዙ ላይ፣ አንተ በምትጽፍበት ቦታ፣ በትልቁ፣ በእስክሪብቶ እንዲህ ይላል፤ "ድልድዩ ጋ ደረቴን ትንሽ ያዘኝ። ለእማዬ ነገርኳት።"

ልጅህ ሂሩት