በሽቦው ላይ የተደረደሩት ወፎች

ሮማ፣ ግንቦት 5 ቀን 1970 ዓ.ም.

ዛሬ እማማን በአሠሪዬ በሲኞራ ሳሎን ግድግዳ ላይ አየኋቸው።

መዓዛዬ፣ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አላስገባውም። ጓደኛዬ አብረኸት የምታውቀው ሰው ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ በእጅሽ ያስረክብሻል። ስለዚህ ሳልፈራ ነው የምጽፈው።

ሲኞራዬ እንግሊዛዊት መሆኗን ነግሬሻለሁ። እዚህ ሮማ ያሉ አሥራ አንድ እንግሊዞች ማኅበር አላቸው። የእኛን የጽዋ ማኅበር ይመስላል፤ ልዩነቱ የሚዘክሩት ቅዱስ ሳይሆን ደራሲ መሆኑ ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ስለ መንደሩ አጥር፣ ስለ ጅረቱና ስለ ወፎቹ ሲጽፍ ኖሮ ሞተ። በየዓመቱ በልደቱ ቀን ተሰብስበው ከመጽሐፉ ያነብባሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። አንዱ ከመንደሩ ያመጣውን ድንጋይ ሲያሳይ ሌሎቹ ታቦት የወጣ ይመስል ተነሥተው ያዩታል። እኔ ኬክ እቆርጣለሁ።

ዛሬ ተራው የአንድ ሽማግሌ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ደራሲው በጣም የሚወዳት፣ ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ትንሽ ወፍ አለች። ብርድ ሲመጣ ከመንደሩ ትጠፋለች፤ የት እንደምትከርም ሳያውቅ ነው የሞተው። ሐኪሙ በዚህ አገር የብርድ ወራት አዲስ አበባ፣ ኤምባሲያቸው አጠገብ ሰንብቶ፣ በመብራት ግድግዳ ላይ የሚታይ የስላይድ ፎቶ አንሥቶ መጥቷል።

«አበራሽ፣ ትሪውን አስቀምጪና አገርሽን እይ» አለችኝ ሲኞራ።

መብራቱ ጠፋ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ወፎቹ ተደርድረዋል። ከሽቦው ሥር ያለው የእኛ ቆርቆሮ አጥር ነው። ቀበና፣ የእኛው ግቢ፣ ያው የኮክ ዛፍ። እማማ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ጸጉራቸው ተላጭቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«እናቴ ናቸው» አልኩ።

አጨበጨቡ። መዓዛ፣ አሥራ አንዱም አጨበጨቡ። አንዷ አሮጊት ተነሥታ ጉንጬን ሳመችኝ።

መቼ እንዳነሣው ጠየቅሁት። የስላይዱን ጠርዝ አዙሮ አነበበልኝ፤ በእኛ የካቲት አሥራ አንድ ነው። የካቲት ሃያ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ «እማማ ደህና ናቸው፣ ፀሐዬ ለማትሪክ እያጠና ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን» ይላል።

በዚያ ቤት ሦስት ናችሁ። እማማን አየኋቸው። አንቺ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ።

ልጄ ፀሐዬ በደብዳቤሽ ግርጌ ሁልጊዜ አንድ መስመር ይጨምርልኝ ነበር። «እማዬ፣ የጫማ ቁጥሬ አርባ ሁለት ሆኗል፣ በአርባ እንዳትገዢ» ይለኝ ነበር። ከጥር ወዲህ አልጨመረም። ጣቱን በር ቆንጥጦት ነው አልሽኝ። በአራት ወር የማይድን ጣት የለም። ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ ሰው መልስ ስጪልኝ፤ ፀሐዬ በገዛ እጁ አንድ መስመር ይጻፍ፤ ስድብም ቢሆን ይጻፍ።

ይህን የምጽፈው ተርሚኒ አጠገብ አብረኸት የምትሠራበት ባር ተቀምጬ ነው። ሲኞራ ወተት አልቆባት ለሁለተኛው ዙር ሻይ ሁለት ሊትር ግዢ ብላ ልካኛለች። ገዝቻለሁ። እየጠበቁኝ ነው።

አሁን አብረኸት መጣች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል። ዛሬ የዕረፍት ቀንሽ ሐሙስ ነው እንዴ፣ በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ዋሸኋት። «የልጄን ነገር ሰማሁ» አልኳት።

የጠረጴዛ መጥረጊያው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «ማን ነገረሽ? ማዶና! የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ፔርሜሶሽ እስኪታደስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተስማምተን ነበር እኮ። አለዚያ ሥራሽን ጥለሽ ትሄጃለሽ ብለን ነው። ከዚያ በጠዋት ተሰብስበን ልንመጣልሽ ነበር።»

ማንም አልነገረኝም ነበር።

መዓዛ፣ ከላይ የጠየቅሁሽን መስመር ተዪው። ያን ሁሉ «ደህና ነው» ስትጽፊ እጅሽ እንዴት እንደታዘዘልሽ አላውቅም። አልቀየምሽም። ለተገደለ ልጅ ውጭ ማልቀስ ስለማይፈቀድ እማማ ግቢ ውስጥ ነው የተቀመጡት፤ ይህም አሁን ገባኝ። አጠገባቸው ሁኚ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እናንተ ለእኔ የምትሉትን እኔ አልኩላችሁ።

አብረኸት እጄን ይዛ ጮክ ብዬ እንዳለቅስ ትለምነኛለች። አሁን ይህን ወረቀት ለእሷ እሰጥና እወጣለሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ይቅር።

እህትሽ አበራሽ፣ የፀሐዬ እናት