ባጃጅ የቀደምኩበት የዕረፍት ቀን

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ዲላ

ዛሬ ማረፍ ነበረብኝ። ለእሁዱ ሩጫ እግራችንን እናሳርፍ ብለን ከጎረቤቴ ከአስቴር ጋር ተስማምተን ነበር። እኔ ግን መቼ አርፌ አውቃለሁ! ከገበያ ስመለስ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ "እናቴ፣ ዳገቱ ይከብድሻል፣ ግቢ" አለኝ። ዘንቢሌን ባጃጁ ውስጥ ወርውሬ ሮጥኩ። ቀደምኩት! ሰፈሩ ሲያጨበጭብ ደስታዬን አልችለው አልኩ። ቤት ስደርስ ግን ባቴ ተሸማቀቀ፤ አሁን መርገጥም አቅቶኛል።

አመሻሽ ላይ አስቴር ከባጃጅ ጋር መሽቀዳደሜን ሰምታ መጣች። ከክረምት ጀምሮ በወናጎ መንገድ አብረን ስንሮጥ ከርመናል። እሁድ የመጀመሪያ ውድድሯ ነው፤ ብቻዋን ሰው መሃል መሮጥ ታፍራለች።

"ለመሆኑ ቀደምሽው?" አለች።

"ቀደምኩት።"

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ባቴን እያሸች፣ "እኔስ እሁድ ከማን ጋር ልሩጥ?" አለችኝ።

ምነው ዘንቢሌን ይዤ ባጃጁ ውስጥ በገባሁ ኖሮ።